አይፒሽን ይዤዋለሁ የሚል ዛቻ፦ ከጠባሴ የተነሣ ጥያቄና 26 ምላሾቹ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ የከፈተችው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ቤትና ሱቅ በአንድ የፋይበር መስመር የምትጠቀም ሴት ናት። አንድ የማታውቀው ሰው በቴሌግራም አይፒሽ 192.168.1.7 ነው፣ ቤትሽን አውቄዋለሁ፣ ካሜራሽንም እያየሁት ነው፣ 5,000 ብር ካልላክሽ ቪዲዮውን እለቀዋለሁ ብሏታል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፤ አይፒ አድራሻ (አንድ ዕቃ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ያወቀ ሰው በእርግጥ ቤት ውስጥ መግባት ይችላል ወይ? ራውተሩን ልቀይረው? ነፃ ቪፒኤን (አይፒን የሚደብቅ መተግበሪያ) ብጭን ይበቃኛል? መጨረሻ ላይ ራውተሩ ሲገጠም እንደነበረ እንዳለ፣ የዋይፋዩ ፓስዎርድም የባለቤቷ ስልክ ቁጥር እንደሆነ ጨምራለች። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እስከ ምላሽ 9 ድረስ ልብ ያላት ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዛቻው ይልቅ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። በየቤታችን ያለው ነገር ስለሆነ ምላሾቹን በተራ አስቀምጫቸዋለሁ።

ምላሽ 1 የጨዋ ሰው አጻጻፍ ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር የቤት ውስጥ ቁጥር መሆኑን አስረድቷል። በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ለውስጥ አገልግሎት የተለዩ ናቸው። ራውተሩ ለስልኩ፣ ለቴሌቪዥኑና ለካሜራው የሚያድለው ከእነዚህ ነው። ያው 192.168.1.7 ደብረ ሲናም፣ አታዬም፣ መሐል ሜዳም በየቤቱ ሊኖር ይችላል፤ ከውጭ ሆኖ በዚህ ቁጥር የማንንም ቤት ማግኘት አይቻልም። ገንዘብ እንዳትልክ፣ መልእክቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አድርጋ እንድታስቀምጥ፣ ብሎክ የምታደርገውም ከዚያ በኋላ እንዲሆን መክሯል። በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከትም ትችላለች ብሏል።

ምላሽ 2 በአንድ መስመር ተስማምቶ አልፏል።

ምላሽ 3 ግን ለእርማት ነው የመጣው። ሰውየው የላከው ቁጥር ግምት ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው የውጭ አይፒ ግን በቴሌግራም ጥሪ ሊታይ እንደሚችል አንርሳ ይላል። ጥሪው ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ሲገናኝ ሁለቱም ወገን የሌላውን አድራሻ ማየት ይችላል። መዝጊያው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ኮልስ፣ ከታች ደግሞ ፒር ቱ ፒር የሚለውን ለማንም እንዳይሆን ወይም ለሚታወቁ ሰዎች ብቻ ማድረግ ነው። ዋትስአፕም ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፕራይቬሲ ስር፣ አድቫንስድ በሚለው ውስጥ በጥሪ ጊዜ አይፒን የሚከልል ማብሪያ አለው። በሁለቱም ጥሪው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ዞሮ ስለሚሄድ ድምፁ ትንሽ ሊጓተት ይችላል፤ ዋጋው ያ ብቻ ነው።

ምላሽ 4 የውጭ አይፒው ቢገኝስ ምን ይናገራል ለሚለው መልስ ሰጥቷል። የአገልግሎት ሰጪውን ስም ይናገራል፣ አገሩን ይናገራል፣ ከተማውን ደግሞ በግምት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ የእሷን መስመር አዲስ አበባ ብሎ የሚያሳይ ድረ ገጽ ቢያጋጥም አይግረማችሁ ይላል፤ ድረ ገጾቹ የሚያነቡት የአድራሻውን ምዝገባ እንጂ የሽቦውን ጫፍ አይደለም። በዚህ ሰዓት ይህን አድራሻ የያዘው የትኛው ደንበኛ ነው የሚለው መዝገብ ያለው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ብቻ ነው። እናም ቤትሽን አውቄዋለሁ ያለው ሰው በአይፒ አላወቀውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመልካም ነበር። ምላሽ 5 አይፒን ከቤት ቁጥር ጋር አመሳስሎ፣ የእኛ አገር የቤት ኢንተርኔት ሁሉ ሲጂናት ከሚባለው ኋላ ስላለ ማንም ሊደርስበት አይችልም፣ አርፈሽ ተቀመጪ አላት።

ምላሽ 6 ቆጣ ብሎ መጣ። ሳያዩ ማረጋጋት ከዛቻው የባሰ ጉዳት ያመጣል ብሎ ነው የጀመረው። ሲጂናት ማለት አገልግሎት ሰጪው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያካፍልበት ዘዴ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አሮጌው የአይፒ ዓይነት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ስላለው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ ክምችት አልቋል። በሲጂናት ኋላ ያለ ቤት የቤት ቁጥር የለውም፣ ያለው የግቢ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የምላሽ 5 ምሳሌ ራሱ አይሠራም ይላል። የትኛው መስመር እንዲህ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ደግሞ ከማየት በቀር በሌላ አይታወቅም። አሠራሩን እንዲህ ዘርዝሯል። በስልኩ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ጌትዌይ የሚለውን ቁጥር ማየት፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ በብዙ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች ላይ ደግሞ 192.168.100.1 ነው። ያንን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጽፎ መግባት። ስታተስ በሚለው ገጽ ዋን (የውጭው መስመር) ከሚለው አጠገብ ያለውን አይፒ መመዝገብ። ከዚያ አይፒን የሚያሳይ ማንኛውንም ድረ ገጽ በዚያው ዋይፋይ ከፍቶ ሁለቱን ማስተያየት፤ ቪፒኤን ካለ መጀመሪያ ይጠፋ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም ዋን ላይ ያለው በ10 ወይም በ100 ከጀመረ ሲጂናት ነው። አንድ ከሆኑ ግን ቤቱ በቀጥታ ለኢንተርኔት ተጋልጧል።

ምላሽ 7 ይህንኑ አርሟል። በ100 የሚጀምር ሁሉ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሥራ የተለየው ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ያለው 100 ተራ የውጭ አድራሻ ነው። ምላሽ 6 እርማቱን አመስግኖ ተቀብሏል፤ በእንዲህ ያለ ክር ውስጥ የማይዘወተር ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 8 የጠያቂዋ ነው። ያየችውን ይዛ መጣች። የስልኳ አድራሻ 192.168.100.12 ነው፤ ቤቷ ውስጥ በ192.168.1 የሚጀምር ምንም ዕቃ የለም። ማለትም ዛቺው የላከው ቁጥር የእሷ እንኳ አልነበረም። ዋን ላይ ያለው አድራሻ ግን ድረ ገጹ ካሳያት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ዛቻው ውሸት፣ በሩ ግን ክፍት። ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ማረጋጋቱ ቀርቶ ሥራ ተጀመረ።

ምላሽ 9 ከሁሉም የምወደው ነው። ፓስዎርዱ ስልክ ቁጥር ነው ያለችውን አንሥቶ በቁጥር አሳያት። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቀሪው 8 አኃዝ ነው፤ ሊሆን የሚችለው ሁሉ 100 ሚሊዮን ነው። በ07 የሚጀምረው ሲጨመር 200 ሚሊዮን። አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ስልኳ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ ሰላምታ ከአየር ላይ ይቀዳና ይሄዳል። ቤቱ ተቀምጦ፣ በጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ካርድ በሰከንድ ግማሽ ሚሊዮን ቢሞክር የ09ን በሙሉ 200 ሰከንድ፣ ሁለቱንም 400 ሰከንድ ይፈጅበታል። ቡና ተቆልቶ ሳይወቀጥ ያልቃል። በአንጻሩ 12 እንዲያው የተመረጡ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ6,000 ዓመት በላይ ይወስዱበታል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ቢገጣጠሙ ለማስታወስም ይቀላል፤ ግን ተረት ወይም የመዝሙር ስንኝ እንዳይሆን አስጠንቅቋል።

ለምን በግእዝ ፊደል አንጽፈውም ብሎ የጠየቀ ነበር፣ ምላሽ 10። መልሱን ምላሽ 11 ሰጥቷል፤ የዋይፋይ ፓስዎርድ ከ8 እስከ 63 የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው። ስሙ ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ስም የሚይዘው 32 ባይት ነው፣ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፣ ክፍተት 1። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ብላ ብትጽፈው አሥሩ ፊደል 30፣ ሁለቱ ክፍተት 2፣ ልክ 32 ሞልቶ ይገባል፤ አንድ ፊደል ቢጨመር ራውተሩ አይቀበለውም። ቆጥሬዋለሁ፣ ትክክል ነው። ስሙ ላይ የቤተሰብ ወይም የሱቅ ስም እንዳይጻፍ ግን ያው ምላሽ አሳስቧል።

ምላሽ 12 ሰው ሁሉ የሚያደናግረውን ለየ። የዋይፋይ ፓስዎርድ ሌላ፣ የራውተሩ ገጽ መግቢያ ፓስዎርድ ሌላ። የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ሁለተኛውን አድሚን አድሚን ብሎ የተወ ሰው፣ እንግዳ ሆኖ ዋይፋይ የተሰጠው ማንም ልጅ ቤቱን እንዲያዝበት ፈቅዷል። ከዚያ ገጽ ሊደረግ የሚችለው ክፉ ነገር ዲኤንኤስን (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ ቁጥር የሚመራውን) መለወጥ ነው፤ የባንኩን ስም በትክክል ጽፈሽ ሌላ ገጽ ይከፈትልሻል። የዲኤንኤስ ቦታ ላይ የአገልግሎት ሰጪው ወይም እንደ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ያለ የታወቀ ቁጥር ካልሆነ መጠርጠር፣ ብራውዘሩ ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም ሲልም ቀጥል የሚለውን አለመንካት ነው።

ምላሽ 13 የዋይፋዩን ስም መደበቅና በማክ አድራሻ (በየዕቃው መለያ ቁጥር) ማጣራት ይበቃል አለ። ምላሽ 14 ለዚህ የሰጠው መልስ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የከረረው ነው፤ ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው አንድ ቀን እንኳ አየሩን ያዳመጠ አይደለም እስከማለት ደረሰ። ፍሬው ግን እውነት ነው። ማክ አድራሻ ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚሄድ ማንም ይቀዳዋል፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች ለየዋይፋዩ የራሳቸውን የውሸት ማክ ስለሚፈጥሩ ማጣሪያው የሚያግደው ሌባውን ሳይሆን የራስን ቤተሰብ ነው። የተደበቀ ስምም ስልኩ ራሱ በሄደበት ሁሉ እየጠራ እንዲፈልገው ያደርጋል። ምላሽ 15 በዕድሜ የገፉ ሰው ይመስላሉ፤ ልጆቼ፣ ሰው ለመማር ነው የጻፈው ብለው ሁለቱንም አበረዱ። ምላሽ 13ም ጋሼ ልክ ነዎት ብሎ ምክሩን አነሣ።

ምላሽ 16 የዋይፋይ ፓስዎርድ ሳይጻፍ ዕቃ የሚያገናኘውን፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ቁልፍ አጥፊው አላት። ስምንት አኃዝ ያለው ፒን ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፣ ራውተሩም ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ስለሚመረምር ሙከራው ከ100 ሚሊዮን ወደ 11,000 ይወርዳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ተገልጦ እስካሁን ብዙ ራውተር ላይ እንደበራ አለ። ምስጠራውም ቢቻል ደብሊውፒኤ3፣ ካልተቻለ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር ይሁን።

ምላሽ 17 ወደ ዋናው ነገር ገባ፣ ወደ ሱቁ ካሜራ። ካሜራውን ከስልኳ ከሩቅ ለማየት የገጠመው ሰው ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት ባለቁጥር በር) ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ወይም ቨርቹዋል ሰርቨር በሚለው ገጽ 8000 ካለ የሂክቪዥን፣ 37777 ካለ የዳሁዋ መቅረጫ ነው፤ 554 ደግሞ ቪዲዮውን በቀጥታ የሚያወጣው ነው። ዩፒኤንፒ የሚባለው የራውተሩ ማብሪያ በርቶ ከሆነ ዕቃው ራሱ ሰው ሳይጠይቅ ፖርቱን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው የኮምፒውተር ተባይ (ራሱን የሚያሰራጭ ተንኮለኛ ፕሮግራም) በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የወረረው 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስዎርድ ብቻ ይዞ ነው። አጥፍቶ ማብራት ከዕቃው ያወጣዋል፤ ፓስዎርዱ ካልተቀየረ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል። የአንቺ ስም ያለበት ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው የለም፣ የሚመጣው ቁጥር በቁጥር በሩን ሁሉ የሚያንኳኳ ማሽን ነው ብሎ ያስረዳበት ቦታ ለእኔ የጥያቄዋ እውነተኛ መልስ ነው። አይፒን መደበቅ ምንም የማይረዳውም ስለዚህ ነው።

ምላሽ 18 ሁሉንም ለማጽዳት የራውተሩን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ተጭነሽ ሪሴት አድርጊው፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሺው አለ። ምላሽ 19 ፈጥኖ አስቆማት፤ ጥሩም አደረገ። ሪሴት ፒፒፒኦኢ የሚባለውን የመስመሩን የመግቢያ ስምና ኮድ ጭምር ያጠፋል፤ ኮዱን ያልያዘ ሰው ኢንተርኔቱ ጠፍቶበት ይቀመጣል። በቅድሚያ የዋንን ገጽ ፎቶ ማንሣት፣ ባክአፕ ፋይል ማውረድ፣ ስሙንና ኮዱን ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። ምላሽ 20 ከመሐል ሜዳ፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ስንት ሰዓት ይይዛል ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 21 ስሌቱን አስተካክሎ ሰጠው፤ 8,800 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ በ3.7 ቮልት ስለሆነ 32.5 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በ12 ቮልት 0.6 አምፔር የሚስብ የፋይበር ሳጥን 7.2 ዋት ይበላል፤ 15 በመቶው በመለወጫው ይጠፋል፤ የሚተርፈው 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው። 8,800ን ለ600 አካፍሎ 14 ሰዓት ይቆያል የሚል ነጋዴ ቮልቱን ረስቷል። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፣ አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ የጫፉ ውስጥ ፖዘቲቭ መሆኑን ማየት። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ባትሪውን ከራውተሩ ጋር ደርቦ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ለየብቻ ይቀመጡ።

ምላሽ 22 በፋይበር ሳጥኑ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፣ ፖን ብልጭ ድርግም ካለ ግን ብርሃን አለ ምዝገባ የለም ብሎ አጭር ነገር ጣል አደረገ። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ላይ ገመዱን በሚስማር ዙሪያ አጥፎ ማሰር ብርሃኑን ያፈሰዋል፤ መታጠፊያው ከ3 ሳንቲሜትር ራዲየስ አይጥበብ። በሳጥኑ ገጽ ላይ የሚታየው የሚደርሰው ብርሃን ከ −8 እስከ −27 ዲቢኤም (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ) ካልሆነ ባለሙያ መጥራት፣ ጫፉን ነቅሎ በዓይን አለማየት፤ ብርሃኑ ለዓይን ባይታይም ይጎዳል።

ምላሽ 23 ወደ ቪፒኤኑ ጥያቄ መለሰን። ቪፒኤን ከስልኩ የሚወጣውን መንገድ ይሸፍናል እንጂ ራውተሩ ላይ ከውጭ የተከፈተውን ፖርት አይዘጋም፤ ካሜራው በቪፒኤኑ ውስጥ አያልፍም። ነፃው ደግሞ ሰርቨሩን የሚያቆመው ከሆነ ቦታ በሚያገኘው ገንዘብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከተጠቃሚው መረጃ። ለዚህ ችግር ትርፉ የዘገየ ኢንተርኔት ብቻ ነው።

ምላሽ 24 የጠያቂዋ ሁለተኛ ነው። ዝርዝሩን ጻፈች፤ የመግቢያ ፓስዎርዱ የፋብሪካ፣ ከውጭ ማስተዳደሪያው (የራውተሩን ገጽ ከኢንተርኔት ላይ የሚያስከፍተው) በፖርት 8080 የበራ፣ ደብሊውፒኤስ የበራ፣ ዩፒኤንፒ የበራ፣ ፖርት 8000 ወደ 192.168.100.20 የተከፈተ። ያ ቁጥር የሱቁ መቅረጫ ነው።

ምላሽ 25 ቅደም ተከተሉን ሰጣት፣ ቅደም ተከተሉም ዋና ነገር ነው። መጀመሪያ የመቅረጫው ፓስዎርድ፣ ምክንያቱም ፖርቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚከላከላት እሱ ብቻ ነው። ከዚያ 8000ን መሰረዝ፣ ዩፒኤንፒን ማጥፋት፤ ዩፒኤንፒ ቀድሞ ካልጠፋ መቅረጫው ሲነሣ ፖርቱን ራሱ መልሶ ሊከፍተው ስለሚችል ሁለቱ ካለቁ በኋላ ሁለቱንም ዕቃ አጥፍቶ ማብራት። ቀጥሎ የውጭ ማስተዳደሪያውን ማጥፋት፣ የራውተሩን መግቢያ መቀየር፣ ደብሊውፒኤስን ማጥፋት፣ የዋይፋይ ፓስዎርዱ መጨረሻ ላይ፤ እሱ ሲቀየር ስልኳ ስለሚቋረጥ ሌላው ሥራ በመሐል እንዳይቀር። ካሜራውን ከሩቅ ለማየት የአምራቹን መተግበሪያ በኪውአር ኮድ ማገናኘት ይቻላል፤ ፖርት መክፈት አይጠይቅም። ፈርምዌሩ (የዕቃው የውስጥ ሶፍትዌር) አዲስ ካለው ይጫን፣ የአይፒ ስሪት 6 በርቶ ከሆነም እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የውጭ አድራሻ ስለሚኖረው የራውተሩ ፋየርዎል መብራቱ ይታይ። መዘጋቱን ለማረጋገጥ የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በዳታ፣ ብራውዘር ላይ የዋኑን አይፒ ከነ8080ው መጻፍ፤ ለ8000 ደግሞ ፖርት የሚፈትሽ ድረ ገጽ መጠቀም፤ በቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ መሞከር ግን ያሳስታል፣ ከውስጥ የሚከፈት ከውጭ ላይከፈት ይችላልና።

ምላሽ 26 የእሷ ነው። በዳታ ሞክራ 8080 አልከፈተላትም፣ 8000ም ዝግ ነው ብሎ መለሰላት፤ አዲሱን የዋይፋይ ፓስዎርድም ወረቀት ላይ ጽፋ ከቡና ረከቦቱ በላይ ካለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለች። ቀጥላ የጠየቀችው የጎረቤቷን ነው፤ ያው ገጣሚ የገጠመላት ሌላ ሱቅ አለ፣ ዝርዝሩን ይዤ ልሂድ ወይ ብላ።